የጭነት ክርክሮች በአስተዳደር መሥሪያ ቤት ተሰምተው የሚፈቱበት ሥርዓት፦ ለደምበጫና ለአካባቢው ተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

መግቢያ

ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጎጃም ከተማ ናት። ከባሕር ወደብ እጅግ የራቀች ብትሆንም ነዋሪዎቿን ከመርከብ ጭነት ጋር የሚያገናኛቸው ጉዳይ ጥቂት አይደለም። የወፍጮ ሞተር፣ የበቆሎ መፈልፈያ፣ የውኃ መሳቢያ ፓምፕ፣ የተሽከርካሪ መለዋወጫ፣ እንዲሁም በውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች የሚልኳቸው ዕቃዎች በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ገብተው፣ በሞጆ ወይም በሌላ ደረቅ ወደብ በኩል አልፈው፣ የዓባይን በረሃ ተሻግረው የሚደርሱ ናቸው።

በዚህ ረጅም ጉዞ ላይ ዕቃ ሊጎዳ፣ ሊጎድል ወይም ሊዘገይ ይችላል። የአገልግሎት ክፍያ ከተነገረው በላይ ሊሆን፣ የቀረጥ ግምት ከደረሰኙ ጋር ላይጣጣም፣ የተወከለው ዕቃ አስተላላፊም ኃላፊነቱን ላይወጣ ይችላል። በእነዚህ ጊዜያት ባለጉዳዩ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ለማን ልበል?» የሚል ነው። መልሱ በወቅቱ ካልታወቀ ጉዳቱ ይከፋል። ኮንቴይነሩ በወደብ በቆየ ቁጥር የመጋዘን ኪራይና የኮንቴይነር ማቆያ ክፍያ በየቀኑ ይጨምራል፤ ጉዳዩን ለመመልከት ሥልጣን በሌለው ቢሮ ደጅ ሲጠና የከረመ ሰው ደግሞ በሕግ የተወሰነው የጊዜ ገደብ ሊያልፍበት ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የጭነት ክርክር ሲነሣ የትኛው ጉዳይ በአስተዳደር መሥሪያ ቤት እንደሚሰማ፣ የትኛው በፍርድ ቤት እንደሚታይ፣ የመሰማት ሂደቱ ምን እንደሚመስልና ከውሳኔ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያብራራል።

1. ክርክሩ ከማን ጋር ነው?

የጭነት ክርክር በአንድ ስም ቢጠራም በሕግ ፊት በሦስት ይከፈላል። የሚኬድበትን በር የሚወስነውም ይህ ክፍፍል ነው።

ሀ) ከመንግሥት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ውሳኔ ጋር የተያያዘ ክርክር። መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ከልክሎ፣ አግዶ ወይም ሰርዞ ከሆነ፣ የቀረበለትን ማመልከቻ ሳይወስን አቆይቶ ከሆነ፣ ወይም ፈቃድ በሰጠው ድርጅት ላይ የቀረበለትን አቤቱታ እንዲያጣራ ተጠይቆ ከሆነ ጉዳዩ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። በባሕር ትራንስፖርት ዘርፍ የመርከብ ወኪሎችን፣ የዕቃ አስተላላፊዎችንና የመልቲሞዳል ትራንስፖርት ኦፕሬተሮችን የሚቆጣጠረው የፌደራል መሥሪያ ቤት በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሥር የሚገኘው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው።

ለ) ከጉምሩክ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ክርክር። የዕቃው ዋጋ ግምት፣ የታሪፍ ምደባ፣ የዕቃው ሥሪት አገር ወይም የቀረጥና ታክስ ስሌት ላይ የሚነሣ ክርክር በጉምሩክ ኮሚሽን የቅሬታ ሥርዓትና በይግባኝ የሚታይ ነው።

ሐ) ከአጓጓዥ ወይም ከአገልግሎት ሰጪ ጋር የተያያዘ የውል ክርክር። ለተሰበረ፣ ለጎደለ ወይም ለዘገየ ዕቃ የገንዘብ ካሳ የሚጠየቅበት ጉዳይ በመሠረቱ የፍትሐ ብሔር ክርክር ነው። በድርድር፣ በእርቅ፣ ውሉ የግልግል ስምምነት ካለው በግልግል ዳኝነት፣ አለበለዚያም ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት ይፈታል። አጓጓዡ የመንግሥት የልማት ድርጅት መሆኑ ብቻውን የውሉን ክርክር ወደ አስተዳደር ጉዳይ አይለውጠውም።

አንድ አደጋ ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን ወይም ሦስቱንም ሊያስነሣ ይችላል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ጥያቄ ተለይቶ ለሚመለከተው አካል መቅረብ አለበት። በአንዱ በር የቀረበ አቤቱታ በሌላው በር የሚቆጠረውን የጊዜ ገደብ ያቆማል ተብሎ መታሰብ የለበትም።

2. ጉዳዩ የሚመራባቸው ሕጎች

የሚከተሉት ሕጎች በጭነት ክርክር ላይ በብዛት የሚጠቀሱ ናቸው።

• የኢትዮጵያ ፌደራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37፦ ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

• የፌደራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012፦ የፌደራል አስተዳደር ተቋማት መመሪያ የሚያወጡበትንና ውሳኔ የሚሰጡበትን ሥርዓት፣ የተቋም ውስጥ ቅሬታ አቀራረብንና በፍርድ ቤት የሚደረገውን ክለሳ ይደነግጋል።

• የ1952 ዓ.ም. የባሕር ሕግ፦ በባሕር የሚጓጓዝ ዕቃን፣ የጭነት ሰነድን (ቢል ኦፍ ሎዲንግን) እና የአጓጓዡን ኃላፊነት ይመለከታል።

• የመልቲሞዳል ትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 548/1999 እና ዕቃን በየብስ ስለማጓጓዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 547/1999፦ የመጀመሪያው ዕቃ በአንድ ውል በባሕርና በየብስ ሲጓጓዝ፣ ሁለተኛው በየብስ ሲጓጓዝ የሚኖረውን ግዴታ ይወስናሉ።

• የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 እና ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1160/2011፦ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓትንና የቅሬታ አቀራረብን ይመለከታሉ።

• የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013፦ በግልግልና በእርቅ የሚፈቱ ጉዳዮችን ይዘረዝራል። የታክስ ጉዳዮች፣ እንዲሁም በሕግ ለአስተዳደር አካላት የተሰጡ አስተዳደራዊ ክርክሮች በዚህ አዋጅ መሠረት በግልግል ዳኝነት አይታዩም።

አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሚመለከተው የፌደራል ተቋማትን መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በወረዳ፣ በዞን ወይም በክልል ቢሮ የተሰጠ ውሳኔ በክልሉ ሕግና በክልሉ የቅሬታ ሰሚ አደረጃጀት መሠረት ይስተናገዳል።

3. አቤቱታ ከመቅረቡ በፊት፦ ዕቃው በሚረከቡበት ቀን

አብዛኛው የጭነት ክርክር የሚሸነፈው ወይም የሚረታው አቤቱታው ከመጻፉ አስቀድሞ፣ ዕቃው በተረከቡበት ቀን ነው። ዕቃውን የሚረከበው ሰው ራሱ ባለንብረቱም ሆነ ወኪሉ የሚከተሉትን መፈጸም ይኖርበታል።

የኮንቴይነሩን ቁጥርና የማሸጊያውን (የሲሉን) ቁጥር ከጭነት ሰነዱ ጋር ማመሳከር፤ ማሸጊያው ተሰብሮ ወይም ተቀይሮ ከተገኘ ከመክፈት በፊት በጽሑፍ ማስመዝገብ ይገባል። ጉዳት ወይም ጉድለት ከታየ በርክክብ ሰነዱ ላይ በግልጽ ሳያስጽፉ መፈረም አይገባም። «በጥሩ ሁኔታ ተረክቤአለሁ» ተብሎ የተፈረመ ሰነድ በኋላ ለማስተባበል አስቸጋሪ ነው። የሚታይ ጉዳት በቀንና በቦታ ተለይቶ ፎቶግራፍ መነሣት አለበት፤ ዕቃው የመድን ሽፋን ካለው ለመድን ድርጅቱ ወዲያውኑ ማሳወቅና የጉዳት ምርመራ ሪፖርት ማግኘት ያስፈልጋል።

በባሕር ሕጉ መሠረት በግልጽ የሚታይ ጉዳት ወይም ጉድለት በርክክቡ ጊዜ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። በግልጽ የማይታይ ከሆነ ማስታወቂያው በ3 ቀን ውስጥ ይሰጣል። ማስታወቂያው ካልተሰጠ ዕቃው በጭነት ሰነዱ ላይ በተገለጸው ሁኔታ እንደ ተረከቡ ይገመታል፤ ጉዳቱ በጉዞ ላይ የደረሰ መሆኑን የማስረዳት ሸክምም በባለጉዳዩ ላይ ይወድቃል። ክሱ ደግሞ በ1 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በመልቲሞዳል ወይም በየብስ ውል ለተጓጓዘ ዕቃ የሚመለከተው አዋጅ የራሱ የማስታወቂያና የይርጋ ድንጋጌዎች ስላሉት፣ ከሁሉም አስተማማኙ መንገድ ጉዳቱ በታየበት ዕለት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው።

ይህ ነጥብ ለደምበጫ ተገልጋይ የተለየ ትርጉም አለው። ዕቃው በሞጆ ተረክቦ፣ ታሽጎ እንዳለ በጭነት መኪና ተጭኖ፣ ደምበጫ ደርሶ ከቀናት በኋላ ቢከፈት 3ቱ ቀን በመንገድ ላይ አልቆ ሊገኝ ይችላል። በተጨማሪም ጉዳቱ በመርከብ ላይ ይድረስ ወይም ከሞጆ ወዲህ በመኪና ላይ ይድረስ መለየት ያዳግታል። ስለሆነም ዋጋ ያለው ዕቃ በሚረከቡበት ቦታ ተከፍቶ መታየት አለበት፤ ባለንብረቱ መሄድ ካልቻለ ይህን እንዲፈጽም ለወኪሉ በጽሑፍ ማዘዝ ይኖርበታል።

ሌላው አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው የዕቃው ዋጋ በጭነት ሰነዱ ላይ መገለጹ ነው። የባሕር ሕጉ የአጓጓዡን ኃላፊነት ለአንድ ጥቅል ወይም ለአንድ የጭነት መለኪያ በ500 ብር ይገድባል። ሕጉ በወጣበት ዘመን ይህ ገንዘብ ትልቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ለአንድ ሞተር ጥገና እንኳ አይበቃም። ላኪው ከመጫኑ በፊት የዕቃውን ዓይነትና ዋጋ አስታውቆ በጭነት ሰነዱ ላይ ካስመዘገበ ይህ ገደብ አይጸናበትም። ዕቃ የሚያዝ ሰው ይህን ለሻጩ ወይም ለላኪው ማሳሰብ፣ የጭነት መድን መግዛቱንም ማረጋገጥ አለበት።

4. አቤቱታውን ማዘጋጀት

ለአስተዳደር መሥሪያ ቤት የሚቀርብ አቤቱታ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። ሆኖም የሚከተሉትን መያዝ ይኖርበታል፦

• የአቤቱታ አቅራቢው ሙሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ፤ በወኪል ከሆነ የተረጋገጠ የውክልና ሥልጣን ማስረጃ፤
• አቤቱታ የቀረበበት ድርጅት ወይም የውሳኔው ሰጪ ክፍል ስም፤
• የነገሩ ታሪክ በቀን ቅደም ተከተል፤
• ተጣሰ የሚባለው ሕግ፣ መመሪያ ወይም የውል ግዴታ፤
• የሚጠየቀው መፍትሔ በግልጽ ተለይቶ፤
• የማስረጃዎች ዝርዝር።

ከአቤቱታው ጋር የሚያያዙት ሰነዶች በተለምዶ የጭነት ሰነድ፣ የግዢ ደረሰኝ (ኢንቮይስ)፣ የማሸጊያ ዝርዝር፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የርክክብ ሰነድ፣ የክፍያ ደረሰኞች፣ ከዕቃ አስተላላፊው ጋር የተደረገ ውልና የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ናቸው። በስልክ የተደረገ ንግግር ማስረጃ ለመሆን ስለሚከብድ፣ ከንግግሩ በኋላ ፍሬ ነገሩን በደብዳቤ ወይም በኢሜይል ጽፎ መላክ ይመከራል። በውጭ ቋንቋ ለተጻፈ ሰነድ ትርጉም ሊጠየቅ እንደሚችል ታስቦ መዘጋጀት አለበት።

በቀን አቆጣጠር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመርከብ ድርጅት ሰነዶች የሚጻፉት በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ሲሆን የአገር ውስጥ ደብዳቤዎች በአብዛኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ሁለቱን ሳያገናዝቡ የተቆጠረ የጊዜ ገደብ ባለጉዳዩን ሊያስቀጣ ስለሚችል በአቤቱታው ላይ ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን ቢጻፉ መልካም ነው።

አቤቱታው ሲገባ በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ተቀብሎ መያዝ የባለጉዳዩ መብት ብቻ ሳይሆን በኋላ የሚያስፈልገው ዋና ማስረጃ ነው።

5. የመሰማት ሂደት

በአስተዳደር መሥሪያ ቤት የሚደረግ መሰማት ከፍርድ ቤት ችሎት ቀለል ያለ ቢሆንም መሠረታዊ መርሆዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። ሂደቱ በአጭሩ የሚከተለውን ይመስላል።

አንደኛ፣ አቤቱታው ይመዘገባል፤ መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩ በሥልጣኑ ሥር መሆኑን ይመረምራል። የጎደለ ሰነድ ካለ ባለጉዳዩ እንዲያሟላ ይነገረዋል። ሥልጣኑ የሌላ አካል ከሆነ ባለጉዳዩ ይህ በጽሑፍ እንዲገለጽለት መጠየቅ ይገባዋል፤ በቃል የተሰጠ «እኛን አይመለከትም» ወደ ሌላ ቢሮ ሲሄድ አይጠቅመውም።

ሁለተኛ፣ አቤቱታ የቀረበበት ወገን ስለ ጉዳዩ እንዲያውቅ ተደርጎ መልሱን ይሰጣል። ውሳኔው መብቱን ወይም ጥቅሙን የሚነካበት ማንኛውም ሰው ከውሳኔው በፊት የመሰማት መብት አለው። ይህ መብት የአቤቱታ አቅራቢው ብቻ አይደለም፤ ፈቃዱ ሊታገድበት የሚችለው ዕቃ አስተላላፊም በእኩል ይጠቀምበታል። አንዱን ወገን ሳይሰማ የተሰጠ ውሳኔ በኋላ ሊሻር ስለሚችል፣ የመልስ ጊዜ መሰጠቱ አቤቱታ አቅራቢውን የሚያጉላላ ሳይሆን ውሳኔውን የሚያጸና ነው።

ሦስተኛ፣ ወገኖች በጽሑፍ ወይም በአካል ቀርበው ይሰማሉ። ማስረጃቸውን ያቀርባሉ፤ የሌላውን ወገን ማስረጃ አይተው አስተያየት ይሰጣሉ፤ እንደ አስፈላጊነቱ ምስክር ወይም ባለሙያ ይጠራል። በአካል የሚቀርብ ባለጉዳይ ዋና ሰነዶችን ይዞ መገኘት፣ የተጠየቀውን ብቻ በአጭሩ መመለስ፣ የተናገረውም በቃለ ጉባኤ መስፈሩን ማረጋገጥ አለበት።

አራተኛ፣ ጉዳዩን የሚመለከተው ኃላፊ ገለልተኛ መሆን አለበት። በጉዳዩ የግል ጥቅም ያለው ወይም ከአንዱ ወገን ጋር የዝምድና ወይም ሌላ የቅርብ ግንኙነት ያለው ኃላፊ ከውሳኔው መነሣት ይገባዋል። ባለጉዳዩ ይህን የሚያሳይ ምክንያት ካለው ጉዳዩ ከመወሰኑ በፊት፣ ምክንያቱን እንዳወቀ ማመልከት አለበት፤ ውሳኔው እስኪሰጥ ጠብቆ ከዚያ በኋላ ማንሣት ተቀባይነቱን ያዳክማል።

አምስተኛ፣ ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጣል። ውሳኔው የተረጋገጡትን ፍሬ ነገሮች፣ መሠረት የሆነውን ሕግና ምክንያቱን መያዝ አለበት። «ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ምክንያት አልባ ደብዳቤ የደረሰው ባለጉዳይ ምክንያቱ እንዲገለጽለት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል።

መሥሪያ ቤቱ በዚህ ሂደት ሊሰጥ የሚችለው መፍትሔ በተሰጠው ሥልጣን የተወሰነ ነው። ፈቃድ የሰጠውን ድርጅት ማስጠንቀቅ፣ ማገድ፣ ፈቃድ መሰረዝ፣ ወይም ጉድለቱን እንዲያርም ማዘዝ ይችል ይሆናል። ሕግ ሥልጣኑን ካልሰጠው በስተቀር ለባለንብረቱ ካሳ አይፈርድም። ሆኖም በመሰማቱ ሂደት የተሰበሰበው ማስረጃና የተሰጠው ውሳኔ በፍትሐ ብሔር ክርክሩ ጠቃሚ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

6. የጉምሩክ ክርክር የተለየ መንገድ

በዋጋ ግምት፣ በታሪፍ ምደባ ወይም በቀረጥ ስሌት ቅር የተሰኘ አስመጪ በመጀመሪያ ቅሬታውን ለጉምሩክ ኮሚሽን የቅሬታ አጣሪ ያቀርባል። በተሰጠው ውሳኔ ካልረካ ለፌደራል ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ይላል። ይህ ኮሚሽን ግብር ሰብሳቢው አካል ያልሆነ፣ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ የሚወስን አካል ነው። ከኮሚሽኑ ውሳኔ በሕግ ጉዳይ ላይ ለፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይቀርባል።

የይግባኝ ቀነ ገደቡም ሆነ ይግባኝ ለማለት አስቀድሞ የሚከፈለው ወይም የሚያዘው ገንዘብ በጥብቅ የሚታዩ ቅድመ ሁኔታዎች ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ይግባኙ ፍሬ ነገሩ ሳይታይ ሊዘጋ ይችላል። ውሳኔው በደረሰ ዕለት እነዚህን ሁለቱን ከውሳኔ ሰጪው ጽሕፈት ቤት አረጋግጦ መያዝ ይገባል።

በክርክር ላይ ያለ ዕቃ በጉምሩክ መጋዘን እንዲቆይ ማድረግ ብዙ ጊዜ ኪሳራን ያባብሳል። በሕግ ከተወሰነው ጊዜ በላይ በመጋዘን የቆየ ዕቃ እንደ ተተወ ተቆጥሮ ሊወገድ ይችላል። ስለዚህ ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ የተጠየቀውን ከፍሎ ወይም ዋስትና አስይዞ ዕቃውን ማውጣት የሚቻልበት ሁኔታ መኖሩን በጽሑፍ መጠየቅ ይመከራል።

7. ከውሳኔ በኋላ

በአስተዳደር ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ሦስት መንገዶች አሉት።

የመጀመሪያው የተቋም ውስጥ ቅሬታ ነው። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 በተቋማት ውስጥ የቅሬታ መቀበያና ማጣሪያ ሥርዓት እንዲኖር ይደነግጋል። ቅሬታውን የሚመለከተው አካል ውሳኔው እንዲጸና፣ እንዲሻሻል ወይም እንዲሻር ሊያደርግ ይችላል።

ሁለተኛው የፍርድ ቤት ክለሳ ነው። በተቋሙ ውስጥ ያለውን የቅሬታ መንገድ የጨረሰ ሰው ውሳኔው እንዲከለስ ለፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ውሳኔው በሥልጣን ክልል ውስጥ መሰጠቱን፣ ሥነ ሥርዓቱን መጠበቁንና ከሕግ ጋር መጣጣሙን ነው፤ ሕገ ወጥ ሆኖ ያገኘውን ውሳኔ በሙሉ ወይም በከፊል ሊሽር ይችላል። ማመልከቻ ማቅረብ ብቻውን ውሳኔው እንዳይፈጸም ያቆማል ብሎ መተማመን አይገባም፤ አፈጻጸሙ የማይመለስ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ የእግድ ትእዛዝ ተለይቶ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ተቋሙ የአስተዳደር በደልን ያለ ክፍያ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል። በፍርድ ቤት በመታየት ላይ ያለ ጉዳይን አይመለከትም፤ ካሳም አይፈርድም። በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ስላለው የደምበጫ ነዋሪ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም።

8. ማብራሪያ ምሳሌ

ለማስረዳት ያህል አንድ የደምበጫ ወፍጮ ቤት ባለቤት ሁለት ሞተሮች ከውጭ አገር አዘዘ እንበል። ዕቃ አስተላላፊው የማስለቀቂያ ገንዘብ ተቀብሎ ሰነዱን ሳያቀርብ ሳምንታት አሳለፈ፤ የመጋዘን ኪራይ ተጠራቀመ። ጉምሩክ ሞተሮቹን በደረሰኙ ላይ ካለው ዋጋ በላይ ገመታቸው። ኮንቴይነሩ ሲከፈትም ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ ተሰንጥቆ ተገኘ።

ባለንብረቱ አንድ ረጅም አቤቱታ ጽፎ ለአንድ ቢሮ ቢሰጥ ከሦስቱ ጥያቄዎቹ ሁለቱ መልስ አያገኙም። የዕቃ አስተላላፊው ጥፋት ፈቃድ ለሰጠው ባለሥልጣን ይቀርባል፤ አስተላላፊው ተሰምቶ አስተዳደራዊ እርምጃ ይወሰድበታል። በእርሱ መዘግየት የተከፈለው የመጋዘን ኪራይ ግን በውል ክስ ይጠየቃል። የዋጋ ግምቱ በጉምሩክ የቅሬታ መንገድ ይሄዳል፤ ዋናው ማስረጃም ለሻጩ በባንክ የተከፈለው ገንዘብ ማረጋገጫ ነው። የተሰነጠቀው ሞተር ካሳ ከአጓጓዡና ከመድን ድርጅቱ ይጠየቃል፤ ይህ ጥያቄ የሚቆመው ኮንቴይነሩ በተከፈተበት ቀን በተጻፈው ማስታወቂያ ላይ ነው።

በእነዚህ ሦስት መንገዶች በአንድ ጊዜ መሄድ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ቅደም ተከተል ካስፈለገ ግን የጊዜ ገደቡ አጭር የሆነው ይቀድማል፦ በመጀመሪያ የጉዳት ማስታወቂያ፣ ቀጥሎ የጉምሩክ ቅሬታ፣ ከዚያም በአስተላላፊው ላይ የሚቀርበው አቤቱታ።

9. ከአሜሪካ ለተላከ ጭነት

በአሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦች ለዘመዶቻቸው የሚልኩት ዕቃ ከዚያ አገር ሳይነሣ የቀረ ወይም ያልታሰበ ክፍያ የተጠየቀበት ከሆነ፣ ጉዳዩ በዚያው አገር ሊቀርብ ይችላል። በዋሽንግተን የሚገኘው የፌደራል ማሪታይም ኮሚሽን በ1961 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ አምስት ኮሚሽነሮች ያሉት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የ1984ቱ የመርከብ ትራንስፖርት ሕግ ተጥሷል የሚሉ አቤቱታዎችን ሰምቶ ይወስናል። በውጭ ንግድ መስመር ጭነት ሰብስበው በስማቸው የሚያጓጉዙ የአሜሪካ ድርጅቶች የኮሚሽኑ ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል፤ ላኪዎች ዕቃቸውን ከማስረከባቸው በፊት ፈቃዱን ማረጋገጥ አለባቸው።

የኮሚሽኑ አሠራር ከአገራችን የሚለየው በዋናነት ካሳ የማስከፈል ሥልጣን ስላለው ነው። እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ ጥያቄ በቀላል ሥነ ሥርዓት ሊታይ ይችላል። ከዚያ በላይ የሆነው በአስተዳደር ሕግ ዳኛ ፊት ይሰማል፤ ዳኛው የመጀመሪያ ውሳኔ ይሰጣል፤ ቅር የተሰኘ ወገን ኮሚሽነሮቹ እንዲመለከቱት ይጠይቃል፤ ከዚያም ጉዳዩ ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የካሳ አቤቱታ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በ2022 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕግ ማሻሻያ ደግሞ የወደብና የኮንቴይነር ማቆያ ክፍያ ምክንያታዊ መሆኑን የማስረዳት ግዴታ በመርከብ ድርጅቱ ላይ ወድቋል። ወደ ክርክር ሳይገባ በእርቅ ለመጨረስ የሚፈልግም የኮሚሽኑን የማግባባት አገልግሎት ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላል።

10. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጠበቃ መያዝ ግዴታ ነው? አይደለም። ባለጉዳዩ ራሱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ መቅረብ ይችላል። ነገር ግን የገንዘቡ መጠን ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት የሚያመራ ከሆነ የሕግ ባለሙያ ማማከር ይጠቅማል።

ባለንብረቱ ውጭ አገር ቢሆንስ? በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል የተረጋገጠ ውክልና ለቤተሰቡ መስጠት ይችላል። ውክልናው ዕቃ መረከብን፣ አቤቱታ ማቅረብን፣ መክሰስንና መታረቅን በግልጽ ቢጠቅስ በየደረጃው አዲስ ውክልና ከመጠየቅ ያድናል።

መሥሪያ ቤቱ መልስ ሳይሰጥ ቢቀርስ? በመጀመሪያ የአቤቱታውን ቁጥርና ቀን ጠቅሶ በጽሑፍ ማስታወስ፣ ቀጥሎ ለተቋሙ የቅሬታ አጣሪ ማመልከት፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይቻላል። ዝምታ ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቷል ማለት አይደለም።

በሽማግሌ መጨረስ ይቻላል? ከአጓጓዥ ወይም ከአስተላላፊ ጋር ያለ የገንዘብ ክርክር በስምምነት ሊያልቅ ይችላል፤ ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን፣ የሚከፈለው ገንዘብና ቀኑም ይጠቀስ። ሽምግልናው እስኪያልቅ የይርጋ ጊዜው እንዳያልፍ ቀኑን መቁጠር አስፈላጊ ነው። የቀረጥና የፈቃድ ጉዳይ ግን በሽምግልና አይወሰንም።

ማጠቃለያ

ዕቃ የሚጠብቅ የደምበጫ ተገልጋይ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ቢፈጽም አብዛኛውን ችግር ያስቀራል፦ የዕቃው ዋጋ በጭነት ሰነዱ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ፣ ዕቃው በሚረከቡበት ቦታ ተከፍቶ እንዲታይና ጉዳቱ በዕለቱ በጽሑፍ እንዲገለጽ ማድረግ፣ ክርክር ሲነሣም ጥያቄዎቹን ለይቶ እያንዳንዱን ለሚመለከተው አካል በጊዜው ማቅረብ። ለሚቀርብ አቤቱታ ሁሉ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ፣ ለሚሰጥ ውሳኔ ሁሉ በጽሑፍ የተገለጸ ምክንያት መጠየቅ የተገልጋይ መብት መሆኑን እያስታወስን፣ ተገልጋዮች ውሳኔ በደረሳቸው ዕለት የቅሬታና የይግባኝ ቀነ ገደባቸውን አረጋግጠው እንዲይዙ እናሳስባለን።